ስለ ጋላክሲዎች መልክና ምደባ፦ ከቡታጅራ ሰማይ አንጻር የቀረበ ሐተታ

ቡታጅራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ8 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በስተ ምዕራብ የጉራጌን ተራሮች ከነዘቢዳር ተደግፋ፣ በስተ ምሥራቅ የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ተዘርግቶላት የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በገበያዋና በማረቆ በርበሬዋ ከሚነገርላት ዝና ሌላ፣ ጸሐፊዎች እምብዛም ያላነሡላት አንድ ጸጋ አላት፤ ይኸውም ከሰሜን ዋልታ አንሥቶ እስከ ደቡቡ ዋልታ አቅራቢያ ድረስ ያለው የሰማይ ገጽ፣ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም፣ በዓመት ውስጥ ተራ በተራ ከአድማሷ በላይ የሚወጣላት መሆኑ ነው። የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ በሚታይባት በዚህች ከተማ፣ በኅዳር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ያገኛታል፤ በጥር ወር በዚያው ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ወደ ስልጤ ምድር የሚመለከት ደግሞ ታላቁን የማጌላን ደመና፣ ሱሃይል ከሚባለው ብሩህ ኮከብ በታች፣ ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያየዋል፤ በግንቦትም የሰንቡላ ማኅበረ ጋላክሲ፣ ኤም 87 ከተባለው ግዙፍ አለቃው ጋር፣ በአናት አቅራቢያ ያልፋል። ከእነዚህም የመጀመሪያይቱ ጥምዝ፣ ሁለተኛው ቅርጸ ቢስ፣ ሦስተኛው ሞላላ ስለሆኑ፣ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በፊት የሠሩት የጋላክሲዎች ምደባ ሦስቱ ዐበይት ክፍሎች በአንዲት የኢትዮጵያ ከተማ ሰማይ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይገኛሉ ማለት ነው።

ይህ ዕድል ለሁሉ የተሰጠ አይደለም። በለንደን ወይም በፓሪስ የሚኖር ሰው የማጌላንን ደመናዎች ከአገሩ ሳይወጣ ዕድሜውን ሙሉ አያያቸውም፤ በኒውዚላንድ ደቡብ የሚኖረውም አንድሮሜዳን ከአድማስ ጥቂት ብቻ ብቅ ብላ በጭንቅ ያገኛታል። እርግጥ ኤም 87ን ለማየት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ግን ጨረቃ በሌለችበትና የከተማ መብራት በማይደርስበት ሌሊት ጤናማ ዐይን ያለው ሰው ያለ መሣሪያ ያያቸዋል። እንግዲህ የዚህ ሐተታ ዐላማ ጋላክሲዎች ምን ምን መልክ እንዳላቸው፣ በማንና እንዴት እንደ ተመደቡ፣ መልካቸውስ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ሲሆን፣ የጸሐፊው አቋምም ከወዲሁ ቢነገር መልካም ነው፦ የጋላክሲ ቅርጽ የታሪኩ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ምስክሩ ከመጠየቁ በፊት ቃሉ በሥርዐት መመዝገብ ስላለበት፣ ምደባ ከትርጓሜ በፊት ይመጣል፤ ትርጓሜውን የሚያስቀድም ሰው ግን ከስሕተት አይድንም። በዚህ ምዝገባና ትርጓሜ ሥራ ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ዛሬ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። (በሐተታው የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሰማይን ብርሃናት በሥርዐት መመደብ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረልን መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍሉ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች እየቈጠረ፣ የጨረቃን ሙላትና ጕድለት እያሰላ፣ የሰማይን ሠራዊት በአካሄዳቸው ይለያቸዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም እንዲሁ በአካሄድ ላይ ተመሥርተው ዘመናትንና በዓላትን ሲያወጡ ኖረዋል። ጋላክሲዎች ግን በሰው ዕድሜ ከሥፍራቸው ንቅንቅ የማይሉ፣ ርቀታቸው በሚሊዮን የብርሃን ዓመታት የሚለካ ፍጥረታት በመሆናቸው፣ በአካሄድ ሊመደቡ አይችሉም፤ ስለዚህ የዘመናችን ሊቃውንት በመጀመሪያ የያዙት ሌላውን መንገድ፣ መልክን ነበር።

ጋላክሲ ማለት በአማካይ በቢሊዮኖች የሚቈጠሩ ከዋክብት፣ በመካከላቸውም ያለ ጋዝና አቧራ፣ ብርሃን የሌለው የማይታይ ቁስም ጭምር፣ በስበት ኀይል ተሳስረው በጋራ የሚኖሩበት ማኅበር ነው። የእኛው ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ከ100 ቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብትን የያዘና ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል የሆነ ሲሆን፣ ፀሐይ ከማእከሉ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ ትገኛለች። ከመስቀል በዓል በኋላ ክረምቱ ሲወጣና ሰማዩ ሲጠራ፣ ገና እንደ መሸ በስተ ደቡብ ምዕራብ በቀውስ ክፍለ ሰማይ ጎላ ብሎ የሚታየው የብርሃን ክምችት የዚህ የማእከሉ አቅጣጫ ነው።

ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ሌሎች ጋላክሲዎች እንዳሉ ለማወቅ ረጅም ዘመን ወስዷል። የፋርስ ተወላጅ የሆነው ዐብዱራሕማን አልሱፊ በ964 ገደማ በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ አንድሮሜዳን ትንሽ ደመና ብሎ መዝግቧታል፤ ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ በ1781 ባሳተመው መዝገቡ 31ኛ ቍጥር ሰጥቷታል፤ በ1845 ደግሞ አየርላንዳዊው መስፍን ሎርድ ሮስ 1.8 ሜትር ስፋት ባለው መስተዋት እየተመለከተ ኤም 51 በተባለው ደመና ውስጥ የጥምዝ ክንዶችን አይቶ በእጁ ሥሏል። ቅርጻቸው ታየ፤ ምንነታቸው ግን አልታወቀም፤ ምክንያቱም ርቀታቸው ስላልታወቀ በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ያሉ የጋዝ ደመናዎች ይሁኑ ወይም ራሳቸውን የቻሉ ዓለማት ይሁኑ መለየት አልተቻለም ነበር።

የርቀቱን ቍልፍ ያገኘችው በሃርቫርድ የፎቶግራፍ መዝገብ ክፍል ትሠራ የነበረችው ሄንሪየታ ሌቪት ናት። እርስዋም በ1912 በትንሹ የማጌላን ደመና ውስጥ ያሉ፣ ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል 25 ከዋክብትን መርምራ፣ ኮከቡ ተለዋውጦ ወደ ቀድሞ ብርሃኑ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ በረዘመ ቍጥር እውነተኛ ብርሃኑም የሚበረታ መሆኑን አረጋገጠች። ኤድዊን ሐብል በ1923 ጥቅምት ወር በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለውን ኮከብ በአንድሮሜዳ ውስጥ ባገኘ ጊዜ፣ የሌቪትን ሕግ ተጠቅሞ ርቀቷን 900,000 የብርሃን ዓመት ያህል አድርጎ ገመተው፤ ዛሬ የታወቀው ርቀት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ቢሆንም፣ ያ ግምት እንኳ አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ እጅግ ርቃ የምትገኝ ሌላ ጋላክሲ መሆኗን ለማስረዳት ከበቂ በላይ ነበር። በደቡቡ ሰማይ ጫፍ ባለ ደመና የተገኘ ሕግ የሰሜኑን ሰማይ ጋላክሲ ርቀት ገለጠ። በዚያው በአንድሮሜዳ ክፍለ ሰማይ፣ ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት በማይሞላ ርቀት፣ በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ፈቃድ ኢትዮጵያውያን «ቡና» ብለው የሰየሙት ኮከብ ይገኛል፤ በዙሪያውም የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተብሏል። ኮከቡን ለማየት ግን ቢያንስ ጥሩ የእጅ መነጽር ያስፈልጋል።

ሐብል ርቀቱን ካረጋገጠ በኋላ ጊዜ ሳይወስድ ወደ ምደባው ገባ፤ በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ 400 ጋላክሲዎችን መርምሮ፣ በ1936 ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ምደባውን ሹካ በሚመስል ሥዕል አደራጅቶ አቀረበው። በሹካው እጀታ ላይ የተቀመጡት ሞላላዎቹ ናቸው። እነዚህ ከመካከላቸው ወደ ዳር ብርሃናቸው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ የሚሄድ፣ ክንድም ሆነ ጎልቶ የሚታይ የውስጥ ቅርጽ የሌላቸው፣ ከዋክብታቸው ባመዛኙ አሮጌና ቀይ የሆኑ፣ አዲስ ኮከብ የሚወለድበት ቀዝቃዛ ጋዝም እምብዛም የማይገኝባቸው ናቸው። ደረጃቸው ከ0 እስከ 7 በቍጥር የሚገለጽ ሲሆን፣ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሞላላው ረጅም ስፋት 10 እጅ ቢሆንና አጭሩ ስፋት 7 እጅ ቢሆን፣ ልዩነቱ 3 ስለሆነ ጋላክሲው የ3ኛ ደረጃ ሞላላ ይባላል፤ ፍጹም ክብ የሆነው 0 ነው። ከእኛ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው ኤም 87 ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሞላላ ነው፤ በእምብርቱ ያለውና ክብደቱ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን እጥፍ የሆነው ጥቁር ጕድጓድ በ2019 ምስሉ ለዓለም የታየለት የመጀመሪያው ነው።

ከእጀታው ወዲያ ሹካው በሁለት ጣት ይከፈላል። በአንደኛው ጣት ክንዶቻቸው ከእምብርቱ በቀጥታ የሚነሡት ተራ ጥምዞች፣ በሁለተኛው ጣት ደግሞ በእምብርቱ መካከል እንደ ዘንግ የተጋደመ የከዋክብት ክምችት ያለባቸውና ክንዶቻቸው ከዘንጉ ጫፍና ጫፍ የሚነሡት ባለ ዘንግ ጥምዞች ይሰለፋሉ። ሁለቱም በሦስት ማዕርግ ይለያሉ፤ እኛም ቀዳማይ፣ ካልኣይና ሣልሳይ ብንላቸው ነገሩ ይገለጣል። የቀዳማዩ እምብርት ትልቅ፣ ክንዶቹም በጥብቅ የተጠመዘዙና ለስላሶች ናቸው፤ የሣልሳዩ እምብርት ትንሽ፣ ክንዶቹም የተላቀቁና አዳዲስ ሰማያዊ ከዋክብት በየሥፍራው ያበሩባቸው ናቸው፤ ካልኣዩ በመካከል ይቆማል። ባርኔጣ የተባለው ኤም 104 ከቀዳማዮቹ፣ አንድሮሜዳ ከካልኣዮቹ፣ ከአንድሮሜዳ አጠገብ የሚታየው ኤም 33 ከሣልሳዮቹ ይቈጠራሉ። እጀታውና ሁለቱ ጣቶች በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ሐብል በ1936 ገና በሐሳብ ያስቀመጠው ክፍል ነበር፤ ይኸውም እንደ ጥምዞቹ ዲስክ ያለው፣ ክንድ ግን የሌለው፣ ምስር መሰል ጋላክሲ ነው። ይህ ክፍል ኋላ በፎቶግራፍ ተረጋግጦ፣ የሐብል ደቀ መዝሙር አለን ሳንዴጅ በ1961 ባሳተመው የጋላክሲዎች አትላስ በሚገባ ተብራርቷል። ከሹካው ውጭ የቀሩት፣ ሥርዐት ያለው ዙሪያ የሌላቸው፣ ቅርጸ ቢሶቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መመርመር የሚገባ ነገር አለ። ሐብል በሹካው ግራ ያሉትን «ቀደምት»፣ በቀኙ ያሉትን «ደኃርት» ብሎ ሲጠራ፣ ስሞቹ ለቅደም ተከተል መግለጫ ብቻ እንደሆኑና የዕድሜ ትርጕም እንዳይሰጣቸው አሳስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የእንግሊዛዊው የጄምስ ጂንስ ሐሳብ፣ ክብ የነበረ የጋዝ ክምችት እየዞረ ይዘረጋል፣ ተዘርግቶም ክንድ ያወጣል የሚለው፣ ገንኖ ስለ ነበር፣ ብዙዎች ሹካውን እንደ ትውልድ ሐረግ እያነበቡ ሞላላው አድጎ ጥምዝ ይሆናል ብለው አመኑ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ እንዲያውም ሁለት ጥምዞች ተጋጭተው ሲዋሐዱ ሞላላ ሊወለድ እንደሚችል ኋላ ታውቋል። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በጢያ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ማሰብ ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36ቱ ድንጋዮች፣ ከእነርሱም 32ቱ ጥርብና ሥዕል ያለባቸው፣ በቅርጻቸውና በተቀረጸባቸው ሰይፍና ምልክት ተለይተው ሊቈጠሩ ይችላሉ፤ ከሥራቸው መቃብር መኖሩ የታወቀው ግን ምድሩ ሲቈፈር ነው እንጂ ድንጋዮቹን በማየት ብቻ አልነበረም። ሰይፍ ያለበት ከሌለበት ይቀድማል ብሎ በመልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው የሚሠራውን ስሕተት፣ ሹካውን የዕድሜ መሰላል አድርገው ያነበቡት ሁሉ በሰማይ ላይ ሠርተዋል።

ሌላው የምደባው ፈተና የእይታ አቅጣጫ ነው። ጋላክሲን በሦስት ገጽ ዞረን ማየት ስለማንችል፣ የምናየው የተዘረጋ ጥላውን ብቻ ነው። ክብ ሆኖ የሚታየው ሞላላ በእርግጥ ክብ ሊሆን ይችላል፤ ጫፉን ወደ እኛ ያዞረ ረጅም አካልም ሊሆን ይችላል። በጎኑ የቆመ ጥምዝም ክንዱ ስለማይታይ ከምስር መሰሉ ጋር ይምታታል። ሐብል ከሁሉ ይልቅ ጠፍጣፋ ሞላላ ብሎ በ7ኛ ደረጃ የመደበው ኤንጂሲ 3115 የተባለው ጋላክሲ ከጎኑ የሚታይ ምስር መሰል ሆኖ መገኘቱ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የብርሃን አድልዎ ነው። ሐብል ከመረመራቸው ጋላክሲዎች ቅርጸ ቢሶቹ ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይህ የሆነው ግን በፍጥረት ጥቂት ስለሆኑ ሳይሆን፣ አብዛኞቹ ትንንሽና ደብዛዛ በመሆናቸው ከቴሌስኮፑ ዐይን ስለሚሰወሩ ነው። በእውነቱ በጠፈር ውስጥ እጅግ የሚበዙት ድንክ ጋላክሲዎች ናቸው። ብሩሁ ብቻ በሚቈጠርበት መዝገብ ብሩሁ የበዛ መምሰሉ አይቀርም፤ ይህንንም የምደባ ጠበብት ሁሉ ዘወትር ሊያስታውሱት ይገባል።

ቅርጸ ቢስ የሚለውም ስም ቢሆን በችኰላ የተሰጠ ነበር። በ1950ዎቹ በአውስትራሊያ ሆኖ የማጌላንን ደመናዎች ያጠናው ፈረንሳዊው ዤራር ደ ቮኩለር፣ በታላቁ ደመና ውስጥ ከመካከሉ ፈቀቅ ያለ ዘንግና አንድ ጎልቶ የሚወጣ ክንድ መኖሩን አሳየ። ስለዚህ በ1959 ባሻሻለው ምደባ ይህ ደመና ከሥርዐት አልባዎች ወጥቶ፣ በሹካው መጨረሻ ከሣልሳዮቹ ጥምዞች ቀጥሎ በሚመጣ፣ «ማጌላናዊ» በተባለ የራሱ ማዕርግ ገባ፤ የእርሱን ዐይነት ቅርጽ ያላቸው ጋላክሲዎች ሁሉ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። እነሆ ከቡታጅራ በስተ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚታየው ይህ የብርሃን ጭላንጭል፣ 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ የሚርቀን ጎረቤታችን፣ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጋላክሲ ምሳሌ ሆኖ ቆሟል። ደ ቮኩለር ከዚህም በላይ ባለ ዘንግና ዘንግ አልባ የሚለው ልዩነት እንደ ሹካው ጣት የተቈረጠ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚሸጋገር መሆኑን በማስተዋል በመካከላቸው ሦስተኛ ክፍል ጨመረ፤ ቀለበት ያላቸውንም ለየ። የእኛ ፍኖተ ሐሊብም ባለ ዘንግ እንደሆነ በ1960ዎቹ የጠረጠረ እርሱ ሲሆን፣ በ2005 ስፒትዘር በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የተደረገው ጥናት ዘንጉ መኖሩን አረጋግጧል።

አሁን ወደ መንሥኤው እንመለስ። ጋላክሲ ሲፈጠር ወደ ውስጥ የሚወድቀው ጋዝ እርስ በርሱ እየተጋጨ ሙቀቱን በብርሃን መልክ ይለቃል፤ የመዞር ብዛቱን ግን ሊለቅ ስለማይችል ወደ አንድ ጠፍጣፋ ዲስክ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ዲስክ የሚወለዱት ከዋክብት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ከዋክብት ግን እንደ ጋዝ እርስ በርሳቸው ስለማይጋጩ፣ አንድ ጊዜ ሥርዐታቸው በታላቅ ግጭት ከተበጠበጠ ወደ ዲስክ ሊመለሱ አይችሉም፤ በየአቅጣጫው እየተመላለሱ ይቀራሉ። እንግዲህ ዲስክ ማለት ጋዙ በሰላም ሲወርድ የኖረ ጋላክሲ ምልክት ሲሆን፣ ሞላላነት ብዙውን ጊዜ የግጭት ጠባሳ ነው። የጥምዞቹ ክንዶች ደግሞ በራሳቸው ቋሚ አካላት ቢሆኑ ኖሮ፣ የውስጡ ክፍል ከውጭው ፈጥኖ ዙሩን ስለሚጨርስ፣ በጥቂት ዙር ውስጥ ተጠምዝዘው በጠፉ ነበር። ፀሐይ ብቻዋን አንዱን ዙር ለመጨረስ 230 ሚሊዮን ዓመት ያህል ስለሚወስድባት፣ ፍኖተ ሐሊብ ብዙ ጊዜ እንደ ዞረ የታወቀ ነው፤ ክንዶቹ ግን አሉ። ሲ. ሲ. ሊን እና ፍራንክ ሹ በ1964 ለዚህ የሰጡት መልስ ክንድ ማለት ከዋክብትና ጋዝ ገብተውበት የሚወጡበት የጥግግት ማዕበል ነው የሚል ነበር፤ ጋዙ በማዕበሉ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጨመቅ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ፤ ክንዱም በእነርሱ ብርሃን ይታያል። ይህ መልስ ለሁሉም ጥምዞች ባይበቃም፣ ለብዙዎቹ መሠረት ሆኗል።

በ1972 አላርና ዩሪ ቶምሬ የተባሉ ወንድማማቾች በዘመኑ በነበረው ኮምፒዩተር ሁለት ጋላክሲዎች ተቃርበው ሲያልፉ ምን እንደሚሆኑ አሰሉ። ውጤቱም በፎቶግራፍ ላይ እንግዳ ሆነው ይታዩ የነበሩትን ረጃጅም ጭራዎችና ድልድዮች በስበት ብቻ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ሎርድ ሮስ የሣለው ኤም 51 ራሱ ከጎኑ ያለው ትንሽ ጋላክሲ በቅርብ ያለፈበት መሆኑም በዚህ ተብራራ። ከስምንት ዓመት በኋላ አለን ድረስለር በ55 ማኅበራተ ጋላክሲ ውስጥ ያሉ 6,000 ያህል ጋላክሲዎችን መርምሮ፣ በጋላክሲ የተጨናነቀ ሥፍራ ሞላላዎችና ምስር መሰሎች የሚበዙበት፣ በብቸኝነት የሚኖሩት ግን ባመዛኙ ጥምዝ የሆኑበት መሆኑን አስረዳ፤ ጎረቤት መልክን ይለውጣል ማለት ነው። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሞላላና ምስር መሰል የሆኑ 260 ጋላክሲዎችን የከዋክብታቸውን ፍጥነት በመለካት ሲመረምር፣ ከመቶ 86ቱ ያህል ጎላ ብሎ የሚለካ ዙር ያላቸው ሆነው ተገኙ። ከዚህ በኋላ ሞላላን ከምስር መሰል በዐይን ብቻ የመለየቱ ልማድ ክብደቱ ቀንሷል፤ ብዙዎች የዙሩን ፍጥነት ዋነኛ መለያ አድርገው ይይዛሉ፤ እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ።

በአገራችን ይህን ጥናት በመልክ የያዘው ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከሚባለው መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘው የምርምር ቡድን ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ከተመሠረተ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2015 ተመርቀዋል። በዚያው አዲስ አበባ ለዓመታት ስታስተምርና ስትመራመር የቆየችው በሰርቢያ የተወለደችው ሚርያና ፖቪች የጋላክሲዎችን ቅርጽ በመመደብ ሥራ በዓለም የታወቀች ናት፤ በ2013 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው መዝገብ በስፔን ከሚገኘው ከካላር አልቶ የሥነ ፈለክ ጣቢያ በተነሡ ምስሎች 22,051 ጋላክሲዎችን በአስተማማኝነት የመደበ ነው።

ይህን ያህል ብዛት አንድ ሰው በዐይኑ እያየ ሊጨርስ ስለማይችል፣ ሥራው ለኮምፒዩተር ይሰጣል፤ አሠራሩም በቅርብ ቢታይ ያስደንቃል። በመጀመሪያ የጋላክሲው ብርሃን ምን ያህል በመካከሉ እንደ ተከማቸ ይለካል፤ ሞላላው አጥብቆ ይከማቻል፣ ሣልሳዩ ጥምዝ ይበተናል። ቀጥሎ ምስሉ 180 ዲግሪ ተገልብጦ ከራሱ ከመጀመሪያው ምስል ላይ ይቀነሳል፤ ጋላክሲው ከሁሉም ወገን አንድ ዐይነት ከሆነ የሚቀረው ባዶ ነው፣ ተጋጭቶ የተዛነፈ ከሆነ ግን ጠባሳው በቀሪው ምስል ላይ ጎልቶ ይወጣል። እነዚህና እነርሱን የመሰሉ ሌሎች ልኮች በአንድነት ለኮምፒዩተሩ ይሰጡና፣ ሊቃውንት በዐይናቸው ከመደቧቸው የቅርብ ጋላክሲዎች እየተማረ የሩቆቹን ይመድባል፤ ይህ ጋላክሲ ከመቶ ይህን ያህል ሞላላ የመሆን ዕድል አለው እያለም ፍርዱን ከነእርግጠኝነቱ ያስቀምጣል። ነገር ግን ልኩ ራሱ ሊያታልል ይችላል። ምስሉ ካልጠለቀና ካልጠራ ክንዱ ደብዝዞ ጥምዙ ሞላላ ይመስላል፤ በእምብርቱ ያለው ጥቁር ጕድጓድ ጋዝ እየዋጠ የሚያበራ ከሆነም ብርሃኑ ሁሉ በመካከል የተከማቸ መስሎ ይታያል። ፖቪችና ባልደረቦቿ በ2015 የምስል ጥልቀትና ጥራት ልኮቹን እንዴት እንደሚያዛባ መርምረው ያሳተሙ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሆነው ለዶክትሬት የበቁ ወጣት ተመራማሪዎችም በ2022 በታተመ ጥናት ባልተነካ ጋላክሲ ምስል ላይ ሰው ሠራሽ የእምብርት ብርሃን እየጨመሩ ቅርጹ በልክ ላይ እንዴት እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በ2019 የታተመው ሌላው የወጣቶቹ ሥራ ደግሞ በሑት ክፍለ ሰማይ በሚገኝ፣ ብርሃኑ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጕዞ በሚደርሰን ማኅበረ ጋላክሲ ውስጥ ያሉትን ጋላክሲዎች ሐብል በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ምስሎች መድቦ፣ የድረስለር ሕግ በዚያ ሩቅ ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር መርምሯል። ይህ ሥራ ሳይንሱን የሚያበለጽግ እንጂ ለስም የተሠራ አይደለም።

ጋላክሲዎችን በሩቅ ማየት ማለት በወጣትነታቸው ማየት ማለት ስለሆነ፣ ምደባው ወደ ኋላ በሄደ ቍጥር ሹካው ይፈርሳል። የሐብል ቴሌስኮፕ በ1995 ባነሣው ጥልቅ ምስል ላይ በጥንት ዘመን የነበሩት ጋላክሲዎች የተዛነፉና የተበጣጠሱ ሆነው ስለ ታዩ፣ ዲስኮች ዘግይተው የመጡ መሰለ፤ በታኅሣሥ 2021 የተወነጨፈው ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ግን ከተጠበቀው ይልቅ ብዙ ዲስኮችን በዚያ ዘመን አሳየ። ይህ ክርክር ገና አልተቋጨም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ የሰው ዐይን ከሥራ አልወጣም፤ በ2007 የተጀመረው የጋላክሲ ዙ ሥራ 900,000 ገደማ ምስሎችን ለሕዝብ ሲያቀርብ ከ100,000 የሚበልጡ ተራ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የሥነ ፈለክ ትምህርት ያልነበራቸው፣ ጥምዝ ነው ሞላላ ነው እያሉ መድበዋቸዋል፤ ፍርዳቸውም ተሰብስቦ ሲታይ ከሊቃውንቱ ፍርድ ጋር የተስማማ ሆኖ ለኮምፒዩተሮች ማስተማሪያ አገልግሏል።

ስለዚህም ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ በቡታጅራና በአካባቢዋ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ጭምር፣ ይህን ሥራ ለአዲስ አበባ ብቻ እንዳይተዉት በትሕትና አሳስባለሁ። የታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ምስሎች አብዛኞቹ ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ናቸው፤ አንድ ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስመር ያለው ክፍል ተማሪዎቹን በቡድን ከፍሎ መቶ ያህል ጋላክሲዎችን ሊያስመድብ፣ የቡድኖቹን ፍርድ ሊያስተያይ፣ በተለያዩበትም ላይ ምክንያቱን ሊያስከራክር ይችላል። የከተማዋም አስተዳደር የመንገድ መብራቶቿን ሲዘረጋ ብርሃናቸው ወደ ምድር እንጂ ወደ ሰማይ እንዳይረጭ አድርጎ ቢተክላቸው፣ ኪሳራ የለበትም፤ በእንጦጦ ያለው የጥናት ጣቢያ የአዲስ አበባ መብራት ምን ያህል እንደሚያውከው ስለሚያውቅ፣ ስለዚህ ጉዳይ ምክር ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ አያጣም።